ሰናይት የሳለችው ባሕር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፤ ጠዋት

ግቢ ጠረግኩ። የሰናይትን ክፍል መስኮት ከፈትኩ፣ ሥዕሏን ከፀሐይ ዞር አደረግኩ። የውሃ ቀለም ፀሐይ ይበላዋል ትለኝ ነበር ልጄ። የድንጋይ ቤቶች፣ ጀልባዎች፣ ግራጫ ባሕር። የስኮትላንድ መንደር ነው፤ ከአሮጌ ካላንደር ላይ አይታ ነው የሳለችው። ባሕር በዓይኗ አይታ አታውቅም። ደጋው ላይ፣ ቡሌ ስታስተምር ስለሳለችው ይሆናል፣ ባሕሩ የቡሌን ጉም ይመስለኛል።

ሕይወት ደወለች። አብራት ታስተምር የነበረችው። ፈራ ተባ እያለች ተናገረች። ሰናይት ሳትታመም ሥዕሉን ለክፍሏ ልጆች ቃል ገብታላቸው ኖሯል። ባሕራችን መቼ ነው የሚመጣው ይላሉ አለች። አስብበታለሁ አልኳት።

ምኑን አስባለሁ? ልብሷን በአርባዋ ለድሃ ሰጠሁ። የቀረኝ ይሄ ነው። አልሰጥም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

መስታወት ላስገባለት ወሰድኩት። አልጋዬ ፊት ለፊት ልሰቅለው። መስታወት ቆራጩ ከድር ወደ በሩ፣ ወደ ብርሃኑ አወጣው። የስኮትላንድ መንደር ነው አልኩት። አየ፣ አየና ሳቀ።

«እትዬ አስቴር፣ ስኮትላንድ ከመቼ ወዲህ ነው ቡና የሚያሰጣው?»

ጠጋ ብዬ አየሁ። እውነቱን ነው። ካላንደሩ ላይ የነበረው የዓሣ መረብ ነው፤ እንጨት ላይ ተዘርግቶ ሲደርቅ። ልጄ የቡና አልጋ አድርጋዋለች። እንደኛው፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ቀይ ቡና የተሰጣበት። አንዲት ሴት አጎንብሳ ትለቅማለች። ቢጫ ሻሽ፣ ግራ እጇ ወገቧ ላይ።

እኔ ነኝ። ጨለለቅቱ ቡና ጣቢያ ለቀማ ስውል እሷን በሕፃንነቷ አልጋው ሥር፣ ጥላው ላይ ነበር የማስተኛት።

ሳቅኩ። ደብተሬ፣ ካለፈች ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ወዲያው አለቀስኩ። ከድር ደነገጠ። ወንበር አቀረበልኝ፣ አይቀየሙኝ፣ አፌን በቆረጠው አለ። አንተ ምን አደረግክ አልኩት።

አርብ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል ሳምኩ። አሁንማ ጭራሽ እንዴት እሰጣለሁ? እኔ ያለሁበትን! ሕይወት አልደወለችም። ደውላ ቢሆን እቆጣት ነበር።

እሑድ፣ ኅዳር 14፤ ከሰዓት

መስታወቱ ገባ። ያምራል። ሰቀልኩት፣ ቁጭ ብዬ አየሁት። ቤቱ ጭር ብሏል።

አንድ ነገር ከሐሳቤ አልወጣ አለኝ። ለልጆቹ ቃል ስትገባ እኔ እንዳለሁበት ታውቃለች። ለኔ አልነገረችኝም። እነሱ እንዲያዩኝ ፈልጋ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?

አወረድኩት። በጋቢዬ ጠቀለልኩት።

ለሕይወት ደወልኩላት። ሰው እልካለሁ አይልፉ አለችኝ። እምቢ አልኩ። ነገ በጠዋት የቡሌን መኪና እይዛለሁ። መንገዱ ያንገጫግጫል፤ ጭኔ ላይ ነው የማደርገው። ክፍሏ ውስጥ በእጄ እሰቅለዋለሁ። ልጆቹ ሴትዮዋ ማን ናት ካሉኝ፣ እኔ ነኝ እላቸዋለሁ።