መቶ ሃያ ወንበርና መቆሚያ ያጡ ሽማግሌዎች

ለክቡር አቶ ወልደየስ
የሃቫና ስትሪት መረዳጃ እድር ሊቀመንበር
ቶርንተን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎና ስፋቱ ለሚወራለት ሳሎንዎ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። እኔም ግሌንዴል፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከባለቤቴ ከፀዳል፣ ከልጃችን ከሩቲ፣ ከእድሩ መቶ ሃያ ወንበሮች፣ ከብረት ድስቶቹና ከድንኳኑ ጋር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ለዚህ ክብር ላበቃኝ አሠራር ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. የእድሩ ዕቃ ከመሰብሰቢያ አዳራሻችን ጀርባ በተከራየነው የዕቃ ማከማቻ ስቶሬጅ እንዲቀመጥ እጃችንን አውጥተን ወስነን ነበር። የቴክኒክ ኃላፊያችን ናታን ዕቃ የሚያስጭነውን የእድሩን የስልክ አፕ በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) ሲያሠራ ግን ውሳኔውን መንገር ስለረሳ፣ ኮዱ የማስቀመጫ አድራሻ ሲያጣ የመጀመሪያውን አባል አድራሻ እንዲወስድ ሆኖ ተጻፈ። ዝርዝሩ በፊደል ተራ በመሆኑና ወላጆቼም በ«ሀ» የሚጀምር ስም ስላወጡልኝ የጭነት መኪናው እኔ በር ላይ ቆመ።

2. የአፑን መመሪያ የጻፈው ያው ኤአይ ነው። ውሳኔያችንን ሳይሆን ኮዱን አንብቦ፣ የእድሩ መጋዘን ግሌንዴል እንደሚገኝና ሊፍት እንደሌለው በጠራ አማርኛ አሰፈረ። ስለ ሊፍቱ አልተሳሳተም።

3. አቤት ባልኩ ጊዜ ውሳኔው፣ መመሪያውና ኮዱ እንዲስማሙ ሳይውሉ ሳያድሩ ስላዘዙ አድናቆቴ ወሰን የለውም። ናታንም ማንኛውም አባል ልዩነት ሲያይ የሚጫነው «አስማማ» የሚል ቁልፍ ጨምሮ ራሱ መርቆ ከፈተው። ኤአይው ግን እውነቱ ያለው አፑ ውስጥ ነው ብሎ ቃለ ጉባኤውን አረመው። ዛሬ ቃለ ጉባኤው ዕቃው እኔ ቤት እንዲቀመጥ በሙሉ ድምፅ መወሰኑን፣ እኔም በደስታ እንባ ማመስገኔን ይመሰክራል። እንባው ከየት እንደመጣ እስካሁን አልደረስኩበትም።

4. ጎረቤቴ ሐሚድ የሠርግ አዳራሽ ከፍታችሁ ለምርቃቱ አልጠራችሁኝም ብሎ ተቀይሟል። ፀዳልም መኝታ ቤት የምትገባው ድንኳኑን ተሻግራ ነው። ይህንንም ችለን ነበር። የፊታችን እሑድ ግን ሩቲን ለመጠየቅ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። እንደሚያውቁት ሽማግሌ የመጣበትን ሳይናገርና መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም። የእኔ ቤት ደግሞ መቶ ሃያ ሰው ያስቀምጣል እንጂ ሦስት ሰው አያስቆምም። ወንበሩ ላይ ይቁሙ እንዳልል በዕድሜ የገፉ ናቸው። ሩቲ በዙም ይግቡ ብትልም፣ እናቷ በዙም የተዳረ ልጅ አላውቅም ብላለች።

ስለዚህ ልጄ በወንበር ብዛት ሳትዳር እንዳትቀር፣ ዕቃው እስከ ቅዳሜ እንዲነሳልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ስለ ትዕግሥት (የራሴን ማለቴ ነው) በቅድሚያ እያመሰገንኩ፣ ከድስቶቹ መካከል በተገኘችው ክፍተት ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

ሳይመረጥ የተሾመው መጋዘንዎ
ሀይለማርያም

የተረሳ ጉዳይ፦ ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ አፑን ብከፍት የማስቀመጫ አድራሻው ቦታ አሁንም ባዶ፣ ለማንም አባል ክፍት ሆኖ አገኘሁት። የስቶሬጁን ልሞላ አሰብኩና ውሳኔን መከተል የእድራችን ልማድ ስላልሆነ ተውኩት። የእርስዎን የቶርንተን አድራሻ ሞልቼ «አስማማ» የሚለውን ተጫንኩ። እድሩ ከተመሠረተ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሳኔው፣ መመሪያውና ኮዱ ሦስቱም አንድ ቃል ሆነዋል፤ ዕቃው ሳሎንዎ እንዲቀመጥ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል፣ እርስዎም አልቅሰዋል። የጭነት መኪናው ቅዳሜ ጠዋት ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ አቤቱታ ቢኖርዎ ኮሚቴው ያየዋልና፣ መቼም ወንበር አይቸግርዎትም፣ ቁጭ ብለው ይጠብቁ።