ያልተፈቀደልኝ ቆብ

ታኅሣሥ ፮ ቀን ፲፱፻፸፭ ዓ.ም.

አዲስ የንስሐ አባት ያዝሁ።

አባቴ መምሬ፣ እርስዎ ካረፉ ስምንተኛ ወሩ ነው። ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው። አዲሱ ቄስ ወጣት ናቸው፤ ድምፃቸው ያምራል፤ ቶሎ ሰምተው ቶሎ ያሰናብታሉ።

ዘንድሮ ገብሱን ውርጭ መታው፤ ባቄላው ደህና ነው። የአማቴ ዓይን ጨርሶ ደክሟል፤ ወደ ደጅ ሲወጡ ትከሻዬን ይይዛሉ።

ባሌን ታከለን ለሚሊሺያ ሲወስዱት እርስዎ ጃናሞራ ክርስትና ለማንሣት ሄደው ነበር። ገደሉ ሥር ካለው ዋሻ ተደብቆ ሳለ የገበሬ ማኅበሩ ሰዎች መጡ። አማቴ፣ የገዛ እናቱ፣ ፈርተው ዋሻውን አሳዩዋቸው። መርዶው ከመጣ ወዲህ ከእርሳቸው ጋር አንድ ጣራ ሥር አደርሁ እንጂ አንድ ገበታ አልቀረብሁም። ገዳም ገብቼ ልመንኩስ ያልሁዎ ያን ጊዜ ነው።

መስቀልዎን ጉልበትዎ ላይ አስቀምጠው፣ «ከማን ጋር ተጣልተሽ ነው የምትመነኩሽ?» አሉኝ።

ከማንም አልሁ። ሳቁ። «ታዲያ ምን ያስቸኩልሻል? ሂጂ፣ ከአማትሽ ጋር ብይ።»

ስግደት ስጠብቅ ቀኖናዬ ይኸው ሆነ። መጀመሪያ እህሉ አልወርድ አለኝ። እርስዎ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ራበኝ እያሉ ይመጡና ከሁለታችን መካከል ይቀመጡ ነበር። በልተው እንደሚመጡ አውቅ ነበር። እኔ ለእርስዎ ስናገር እርሳቸው ይሰማሉ፤ እርሳቸው ለእርስዎ ሲናገሩ እኔ እሰማለሁ። እንዲህ እያልን ጨው አቀብይኝ ለመባባል በቃን።

መሠረተ ትምህርት ስገባም ሰው ሁሉ መምሬ ይቆጡሻል ሲለኝ፣ እርስዎ ግን «ካድሬ ቢያስተምርሽም ፊደሉ የኛው ነው፣ ዳዊት ትደግሚበታለሽ» አሉኝ። እደግማለሁ።

ስለ ቆቡ በየዓመቱ እጠይቅዎ ነበር፤ በየዓመቱ ያንኑ ይመልሱልኝ ነበር። የምቀየምዎ በዚህ ብቻ ነው። ሲያርፉ አለቀስሁ፤ ካለቀስሁ በኋላ፣ አሁን የሚከለክለኝ የለም አልሁ። አዲሱ ቄስ ነገሬን ሳልጨርስ እሺ አሉ። ለጥምቀት ትደርሻለሽ አሉኝ።

ዛሬ የቆቡንና የቀሚሱን ጨርቅ ልገዛ ደባርቅ ገበያ ሄድሁ። ለአማቴ ነግሬያቸው ነበር። ለማን ትተሽኝ ይሉኛል ብዬ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። አላሉኝም። ጋቢያቸውን አውልቀው፣ «መንገዱ ብርድ ነው፣ ደርበሽው ሂጂ ልጄ» አሉኝ። ልጄ ሲሉኝ የመጀመሪያቸው ነው።

ሱቁ ውስጥ ነጋዴው አቡጀዲውን ዘረጋ። ስንት ክንድ ላድርግልሽ አለኝ። እኔ የማስበው አማቴ ያለ ጋቢ መቀመጣቸውን፣ ከእሳቱ ላይ እንጨት የሚጨምርላቸው አለመኖሩን ነበር። የምሸሸው ሰው እንደሌለኝ ያኔ ገባኝ። ለካ እርስዎ ይህን ነበር የሚጠብቁ።

እስካለሁ ድረስ ስምዎን በቅዳሴ አስጠራለሁ። ለሙት ዓመትዎ አማቴን ይዤ እመጣለሁ። ለአዲሱ ቄስ ምን እንደምላቸው ገና አላወቅሁም። ነጋዴው ክንዱን ጨርቁ ላይ እንደዘረጋ፣ አንቺ ሴትዮ ስንት ላድርገው እያለ ሲጠራኝ፣ ወጣሁ።