ወረቀት ማጠፍን ለልጆች ያስተማሩት የመምህርት ጥሩሐረግ ገብረ ጻድቅ የሕይወት ታሪክ

መምህርት ጥሩሐረግ ከአባታቸው ከአቶ ገብረ ጻድቅ ፀጋ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ገብርኤል ምንይሉ በዋግ ኽምራ፣ በደሃና ወረዳ ሐምሌ 19 ቀን 1978 ዓ.ም. ተወለዱ። ከእሳቸው በፊት የተወለዱት ሁለት ልጆች አላደጉም።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን የሁለት ሰዓት መንገድ በእግራቸው እየተመላለሱ ተማሩ። አባታቸው የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ጠባቂ ሆነው ሰቆጣ ሲገቡ ሁለተኛ ደረጃን እዚያው ፈጸሙ። በ1998 ዓ.ም. ከመምህራን ኮሌጅ ተመርቀው በአጸደ ሕፃናት ማስተማር ጀመሩ። በ2001 ዓ.ም. ከአቶ የሻምበል ወንዳወቅ ጋር ጋብቻ መሥርተው በ2006 ዓ.ም. ሶስናን ወለዱ።

በ2004 ዓ.ም. ወይዘሮ ሱንጃ የሚባሉ ኮሪያዊት በጎ ፈቃደኛ መምህርት ጥሩሐረግ ወደሚያስተምሩበት የሰቆጣ አጸደ ሕፃናት መጥተው፣ በአገራቸው ልጆች ከጥንት የሚማሩትን የወረቀት ማጠፍ ሙያ አመጡ። አማርኛም ኽምጣናም አያውቁም ነበር። መምህርት ጥሩሐረግም የእሳቸውን ቋንቋ አያውቁም። ስለዚህ ትምህርቱ ከእጅ ወደ እጅ ሆነ። ጠርዝ ከጠርዝ ካልገጠመ ሴትዮዋ ወረቀቱን ዘርግተው፣ በመዳፋቸው ዳምጠው፣ ያለ ቃል ይመልሱላቸዋል። የኮሪያን እጀ ጠባብ ከአንድ ወረቀት አጥፎ ለማውጣት ሃያ ሦስት ቀን ፈጀባቸው። በዓመቱ ወይዘሮ ሱንጃ ሠላሳ አንድ ዓይነት ናሙና በካርቶን ትተውላቸው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ወረቀት እንደልብ አይገኝም። መምህርት ጥሩሐረግ ቤት ከሚሠራበት ቦታ ሁሉ ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት እየለቀሙ፣ አራግፈው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው ይቆርጡ ነበር። ሲሚንቶው ጣታቸውን ይሰነጥቀዋል። ባጃጅ ነጂዎች «ቲቸር፣ ዛሬ ስንት ኩንታል ለቀምሽ?» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። «ያንተን ባጃጅ የሚያህል» ይሏቸዋል፤ አይቆጡም።

በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ከአበርገሌ የተፈናቀሉ ልጆች ሰቆጣ ሲገቡ፣ አርባ ያህሉን በመጠለያው ሸራ ሥር ሰብስበው ማጠፍ አስተማሩ። ልጆቹ ከሁሉ የወደዱት ታክጂን ነው። ታክጂ ሁለት ወረቀት ተቆላልፎ የሚሠራ አራት ማዕዘን ነው፤ አንዱ ልጅ የራሱን መሬት ላይ ያስቀምጣል፣ ሌላው በራሱ ታክጂ መትቶ ይገለብጠዋል። ብርሃን የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ ከመጣች ጀምሮ ቃል አልወጣትም ነበር። የጓደኛዋን የገለበጠች ቀን «በላሁህ!» ብላ ጮኸች። መምህርት ጥሩሐረግ በሕይወታቸው ስለ ሠሩት ሥራ ለአባታቸው ሳይጠየቁ የነገሩት ይህን ብቻ ነው።

በመስከረም 2016 ዓ.ም. ግንባታ ቆሞ የሲሚንቶ ከረጢት ጠፋ። መምህርት ጥሩሐረግ ከየቤቱ ያለፈውን ዓመት የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ለመኑ። ወረቀቱ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን በላዩ ቅዱሳት ሥዕላት አሉበት። ሥዕል ያለበት ወረቀት በእኛ ዘንድ ቢያረጅም መሬት አይነካም። በሚካኤል ጽዋ ማኅበር ላይ «የዕቃ ቤቱ ጠባቂ ልጅ መልአኩን ለልጆች መጫወቻ አደረገችው» ተባለ። አባታቸው ሄደው አላዩም። ልጃቸውን ጠሩ።

«አባየ፣ ሥዕሉን ሁሉ ቆርጬ አውጥቻለሁ። የቀረው ቀንና ቁጥር ነው» አሏቸው።

አባታቸው አላመኗቸውም፤ የወጣውን ሥዕል አሳዪኝም አላሉም። ካርቶኑን ከነናሙናው፣ ከልጆቹም ሥራ ጋር፣ ከቤት ጀርባ አቃጠሉት። እናቶች ልጆቻቸውን አስቀሩ። ብርሃን ዳግመኛ ዝም አለች፤ በዚያው ዓመት ቤተሰቦቿ ወደ አበርገሌ ይዘዋት ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬዋን የሰማ የለም።

መምህርት ጥሩሐረግ ከዚያ በኋላ ተማሪ አልሰበሰቡም። ለሶስና እጀ ጠባቡን ሊያሳዩ አንድ ጊዜ ሞክረው ከሰባተኛው እጥፋት በኋላ ጠፋባቸው። የሚያዩት ናሙና አልነበረም። ሶስና ከሠላሳ አንዱ አራቱን ብቻ ታውቃለች።

በ2017 ዓ.ም. በጡታቸው ላይ እብጠት ታየ። ለማንም ሳይናገሩ ወራት ቆዩ። ከሰቆጣ ወደ ወልድያ፣ ከዚያም ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ቢላኩም ዘግይቷል ተባለ። በሕመማቸው ጊዜ አባታቸው በየቀኑ አጠገባቸው ተቀምጠዋል። ስለ ወረቀቱ አላነሡም፤ መምህርት ጥሩሐረግም አላነሡም። ጥቅምት 28 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ39 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ትናንት የመግነዣ ጨርቅ ለማውጣት የልብስ ሣጥናቸው ሲከፈት፣ በነጭ ነጠላ የተጠቀለሉ አሥራ አንድ ቅዱሳት ሥዕላት ተገኙ። ሁሉም በመቀስ በጥንቃቄ ተቆርጠዋል። የቅዱስ ሚካኤልም ሥዕል ከነሰይፉ በመካከላቸው አለ። አባታቸው ተቀብለው ዕቃ ቤት አስገብተዋቸዋል። ይህም በማኅበሩ የነበራችሁ ሁሉ ባላችሁበት እንዲነበብ ያዘዙት እሳቸው ናቸው። ሊሰሙት የሚገባቸው መምህርት ጥሩሐረግ ግን አይሰሙም።

ባለቤታቸው አቶ የሻምበል፣ ልጃቸው ሶስና፣ እናታቸውና አባታቸው በሐዘን ቀርተዋል።

የተሸሸገውን የሚያይ አምላክ እኛ ያላመንናቸውን እሱ ይመናቸው፤ ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን። አሜን።