ቤንኦኒ ወይስ ብንያም

ነሐሴ ፲፪፣ ወረታ

ባለቤቴ እናኑ ከወለደች ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ደሟ ግን አልቆመም። የጤና ጣቢያው ነርስ «እስከ ማታ ካልቆመ ወደ ባሕር ዳር እንልካታለን» ብላኛለች። የጉማራ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ስላጥለቀለቀው መንገዱንም ፈርቼዋለሁ።

ጠዋት ልጁን አቅፋ፣ «ስሙ ቤንኦኒ ይሁን፤ የጭንቀቴ ልጅ ማለት ነው። አባቴ ኦሪት ሲያነቡ ሰምቼዋለሁ» አለችኝ። ደነገጥሁ። የያዕቆብ ሚስት ራሔል ይህን ስም ያወጣችው ነፍሷ ስትወጣ መሆኑን እናኑ አታውቅም።

በጭቃው እየተንሸራተትሁ የነፍስ አባታችን ዘንድ ሄድሁ።

«ያዕቆብ እኮ ብንያም ብሎ ለወጠው፤ የቀኝ እጅ ልጅ ማለት ነው። አንተም አባቱ ነህ፣ ለውጠው» አሉኝ።

«አባ፣ ያዕቆብ ብንያም ሲለው እናቲቱ በሕይወት ነበረች ወይ?»

እሳቸውም «እንጸልይ» ብለው መስቀላቸውን አወጡ።

ስመለስ እናኑ ነቅታለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ብንያም ብንለውስ?» አልኋት። «አባቱ ያዕቆብ በኋላ የሰጠው ስም ነው።»

«እናቱ ራሔልስ ምን አለች?»

«ልጁ አድጎ ለትልቅ ደረጃ በቃ» አልኋት።

ዐይኗን ከዐይኔ ሳትነቅል፣ «እኔ የጠየቅሁህ ስለ ልጁ አይደለም» አለችኝ።

ውሃ ላመጣልሽ ብዬ ወጣሁ። ይህን የምጽፈው ከበሩ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ነው። እስካሁን አልመለስሁላትም።