እንዳይበክቱ

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ቀዩን አውራ ዶሮዬን አንገቱን ጠምዝዘው አጥሬ ላይ ሰቅለውት አገኘሁ። ምላሱ ወጥቷል። ጉንዳን ዓይኑን ጀምሮታል። አንዱ አላፊ ሸለምጥማጥ ነው አለኝ። ዶሮ ገድሎ አጥር ላይ የሚሰቅል ሸለምጥማጥ እስከ ዛሬ አላየሁም።

ቀበርሁት። ታርዶ ቢሆን እበላው ነበር፤ በክቶ ነው ያገኘሁት። የበከተ እንኳን እኔ፣ ከአጥር ወዲያ ያሉት እስላሞቹ ጎረቤቶቼም አይበሉም።

ከወሎ በከባድ መኪና ተጭነን እዚህ ሽንፋ ወንዝ ዳር ከሰፈርን ሁለተኛ ዓመታችን ነው። መሬቱ የማኅበሩ፣ በሬው የማኅበሩ፣ ሰሊጡም የማኅበሩ። የእኔ የምለው ከጎጆዬ ጀርባ ያለችውን የጓሮ መሬት፣ ይችን የመሠረተ ትምህርት ደብተርና ዶሮዎቼን ነው። የቀሩኝ ስድስት ናቸው፦

ወሎይቱ፣ የሁሉም ታላቅ።
ገብስማዋ፣ ቀበጧ።
ነጯ፣ እንቁላል ታቅፋለች።
ጥቁሯ፣ ሰው የምትነክሰው።
ሁለት ቄቦች፣ ገና ስም ያልወጣላቸው።

ወሎይቱን ጫጩት ሆና በጉያዋ ሸጉጣ መኪናው ላይ የጫነቻት ልጄ የሺ ናት። ስሟንም ያወጣችላት እሷው ናት። እዚህ በገባን በሦስተኛው ወር የሺን ወባ ወሰደብኝ። ዶሮዋ ቀረች። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ማንን ልጠርጥር? ለአጨዳ የመጡ የጎጃም ሰዎች አሉ፤ የሚያድሩት ማሳው ዳር፣ ከሣር በሠሩት ራኩባ ሥር ነው። የማሳ ጠባቂዎችም አሉ። ጎረቤቴ አያ ሀሰንም አሉ። በአንድ መኪና አብረውኝ የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ባለፈው ሳምንት ዶሮዎቼ በርበሬያቸውን ጭረውባቸው ተኳርፈናል። ክፉ ሰው አይመስሉኝም። ግን በርበሬ ሰውን ያከፋል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ትናንት ማምሻ ላይ በዶሮ ቤቱ ዙሪያ አመድ በትኜ ነበር። ጧት ሁለቱ ቄቦች የሉም። አመዱ ላይ ግን የጫማ ዱካ ቁልጭ ብሎ ታትሟል። ያዝሁህ አልሁ! ከዚያ የራሴን እግር አየሁ። ያው ዱካ። ሰፈሩ ሁሉ የሚጫማው መንግሥት ያደለንን አንድ ዓይነት የላስቲክ ጫማ ነው። ሌባው እኔም ልሆን እችላለሁ ማለት ነው።

ከሥራ በኋላ ስብሰባ ነበር። የማሳ ጠባቂዎች አለቃ ጓድ ሽበሺ፣ ጫፉ ላይ ሽቦ የተጠመጠመበትን ዱላውን መሬት ላይ እየወጋ ተናገረ። የጓሮ ዶሮዎች አውድማ ላይ የተከመረውን የሕዝብ ሰሊጥ እየለቀሙ ነው፤ ሰሊጥ የሚበላ ዶሮ ፀረ ሕዝብ ነው፤ እርምጃ ይወሰድበታል አለ። እኔ አፌ አያርፍም። ጓድ፣ ዶሮዋ እኮ ንቃት የላትም፣ መሠረተ ትምህርት አልገባችም አልሁት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሽበሺ አልሳቀም። ስብሰባው እስኪበተን ድረስ ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሳም።

ስንመለስ አያ ሀሰን ከኋላዬ ደረሱና፣ "ጥሩዬ፣ የሰውየው አስተያየት አላማረኝም። ዶሮዎችሽን እሰሪያቸው" አሉኝ። ለበርበሬዎ ፈርተው ነው አልኋቸው። ቀድመውኝ አለፉ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12፣ ሚካኤል

ከማሳ ስመለስ የዶሮ ቤቱ በር ተገንጥሎ ጠበቀኝ። ነጯ የታቀፈቻቸው ዘጠኝ እንቁላሎች ተረግጠዋል። ሊፈለፈሉ ጥቂት ቀን ነበር የቀራቸው፤ ላባ አውጥተው ነበር። አንዷ ጫጩት ከቅርፊቱ መሐል ገና ትላወሳለች። በእጄ ጨረስኋት።

የጥቁሯ እግር ተሰብሯል። አባቴ ወጌሻ ነበር፤ አጥንት መጠገን ያስተማረኝ እሱ ነው። የሸምበቆ ስንጣሪ አድርጌ አሰርሁላት። እያሰርኋት ሁለቴ ነከሰችኝ።

አጥሩ የተቀደደው በአያ ሀሰን በኩል ነው። ደሜ ፈላ። በቀዳዳው ገብቼ ሰባት እግር በርበሬያቸውን ከነሥሩ ነቀልሁት። ሚስታቸው እትዬ ሰዓዳ በራቸው ላይ ቆማ ታየኛለች። አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ዝም ያለችው ጥፋታቸውን ስለምታውቅ ነው ብዬ ደመደምሁ።

አሁን ስጽፈው አፈርሁ። ግን ሄጄ አልካስሁም። እሾህ ደረብሁ፣ ባዶ ጣሳዎች አጥሩ ላይ አንጠለጠልሁ። ሚካኤል ይቅር ይበለኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

በጨለማ ነው የምጽፈው። ፊደሉ ካልተነበበም ለራሴው ነው።

እኩለ ቀን ላይ ውኃ ልቀዳ ከማሳ መጣሁ። ከጎጆዬ ጀርባ "ቢስሚላሂ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞሬ ባይ አያ ሀሰን ጓሮዬ ውስጥ ተንበርክከዋል። ወባ ይዟቸው ቤት እንደዋሉ አውቃለሁ። ቢላ በእጃቸው፣ ደሙ እስከ ክንዳቸው። ገብስማዋ ታርዳለች። ነጯ ታርዳለች። ጥቁሯ ያሰርሁላትን ሸምበቆ እንደያዘች ትንፈራገጣለች። ወሎይቱ የለችም።

ምን ላስብ? እስላም ያረደውን እንደማልበላ እሳቸው ያውቃሉ። ክርስቲያን ያረደውን እንደማይበሉ እኔም አውቃለሁ። በእኛ ዘንድ ዶሮው ለማን እንደታረደ የሚታወቀው በአራጁ ነው። ስለዚህ ለራሱ ነው ያረደው አልሁ። ሌላ ነገር በጭንቅላቴ አልመጣም።

ዘነዘናው ሙቀጫው ላይ ነበር። አነሳሁት። "አንተ ሌባ" አልሁ። ሁለት ዓመት አንቱ ስል የኖርሁትን ሽማግሌ አንተ አልሁት። ራሳቸውን ሊከልሉ ክንዳቸውን አነሱ፤ ምቱ እዚያ ላይ አረፈ። ወጌሻ ቤት ያደገ ሰው አጥንት ሲሰበር ድምፁን አይስተውም።

"ጥሩዬ፣ እንዳይበክቱ ነው" አሉ።

ደግሜ ትከሻቸውን መታሁ። ወሎይቱን የት አደረስካት ብዬ ጮህሁ። በደህናው እጃቸው ወደ ቤታቸው አመለከቱኝ። በልተሃታላ አልሁና ለሦስተኛ ጊዜ አነሳሁ። እትዬ ሰዓዳ ሮጣ መጥታ ላያቸው ላይ ወደቀች። ሴትዮዋን ሳይ ራሴን ገታሁ ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱ ግን ሁለት የጎጃም አጫጆች ከኋላ እጄን ይዘውኝ ነው።

ሽበሺ ከጠባቂዎቹ ጋር ቶሎ ደረሰ፤ ቅርብ የነበረ ይመስል። ለእኔ፣ አበጀሽ፣ ሌባ እንዲህ ነው አለኝ። አያ ሀሰን ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ በጥፊ አላቸው። የፊጥኝ አሰሯቸው፤ የተሰበረውንም እጅ ጭምር ወደ ኋላ ጠምዝዘው። ጮኹ። ከሽማግሌ እንዲህ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። የታረዱትን ዶሮዎች ኤግዚቢት ናቸው ብለው በጆንያ ወሰዷቸው።

እኔ ቆሜ አየሁ። ይበለው አልሁ። በልቤ ብቻ አይደለም፣ በአፌም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ጧት የዶሮ ቤቱን ላፈርሰው ሄድሁ። ባዶ ቤት ምን ያደርግልኛል ብዬ። ከውስጥ ኩክኩታ ሰማሁ።

ሦስት ዶሮዎች ናቸው። የእኔ አይደሉም። ሁለት ወሰራና አንዲት አንገተ መላጣ። የአያ ሀሰን ዶሮዎች። እግራቸው በአረንጓዴ ቁራጭ ጨርቅ ታስሯል፤ ጨርቁ ከእትዬ ሰዓዳ ሻሽ የተቀደደ ነው። ፊታቸው የተበተነው ማሽላ ተለቅሞ ጥቂት ቀርቷል። ሥራቸው የተጠራቀመው ኩስ የአንድ ቀን ነው። ትናንት ገብተዋል ማለት ነው። እኔ ዘነዘና ሳላነሳ።

መሬት ላይ ቁጭ አልሁ። ሊሞቱ የነበሩትን ሦስት አርዶ ለራሱ ሊወስድ፣ ሕያው ሦስት ለእኔ አስገብቶልኛል። እንዳይበክቱ ነው ያለኝ ይኼንን ነው። ሳለቅስ ዶሮዎቹ ዝም ብለው ያዩኛል።

እንባዬን ጠርጌ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄድሁ። ጆንያው በሩ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ዝንብ ወሮታል። ዘረገፍሁት። ጸሐፊው ምን ታደርጊያለሽ አለ። በጣቴ ዳበስሁ። የነጯ ጀርባ ተሰብሯል። የገብስማዋ ሁለት ጭኖች ደቀዋል። የጥቁሯ ደረት ገብቷል። ላባውን ገለጥ ሳደርግ ከቆዳው ሥር ደም ቋጥሯል። የሞተ ዶሮ ቢመታ ደም አይቋጥርም። ከመታረዳቸው በፊት ነው የተደበደቡት። ምልክቱም ልሙጥ አይደለም፤ ሽቦ የተጠመጠመበት ነገር እንዳረፈበት መስመር መስመር ነው።

ቀና ስል የሽበሺ ዱላ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። በሽቦው መሐል ነጭ ላባ ተወትፏል። ሽበሺ እዚያው ነው። ሊቀመንበሩም አሉ። ቀለብ ሊቀበል የተሰለፈ ሕዝብም አለ።

ጮክ ብዬ ተናገርሁ። "ዶሮዎቼን የደበደበው ይኼ ዱላ ነው። ያ ሽማግሌ ሌባ አይደለም። እጁን የሰበርሁት እኔ ነኝ፤ ካሰራችሁ እኔን እሰሩ።"

ሽበሺ ዱላውን አንስቶ አፌን አለኝ። ሁለት ጥርስ። አንዱን ተፋሁት፣ አንዱን ዋጥሁት መሰለኝ። ወደቅሁ፤ ተነሳሁ። አውድማ ላይ የተያዘችው ነጭ ዶሮ የአንቺ ናት፣ አስጠንቅቄሻለሁ፣ እርምጃ ወሰድሁ አለኝ። በንዴት ራሱ መሰከረ። ከሰልፉ ትናንት ከያዙኝ አጫጆች አንዱ ወጣና፣ "እኔም አይቸዋለሁ። ረፋዱ ላይ ጓሮዋ ገብቶ ሲደበድብ የነበረ እሱ ነው። ፈርቸ ዝም አልሁ" አለ። ሰልፉ አጉረመረመ። ማንም ቦታውን አልለቀቀም።

ሊቀመንበሩ አያ ሀሰን ይፈቱ አሉ። የሽበሺ ጉዳይ ይገመገማል ተባለ። ዱላውን ተቀብለው ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፉበት። የታሰረው ዱላው ብቻ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

የአያ ሀሰን እጅ አብጦ ጠቁሯል። የጤና ረዳቱ ጎንደር ውሰዷቸው አለ። መኪና እስከ ሳምንት የለም።

አጥራቸው ሥር ቆምሁ። አፌ ስላበጠ ቃሉ እንኳ አልወጣ አለኝ። እትዬ ሰዓዳ አየችኝና፣ ሰባሪዋ ደግሞ ጠጋኝ ሆና መጣች አለች። እውነቷን ነው። አያ ሀሰን ከውስጥ፣ "የወጌሻ ልጅ ናት፣ ትግባ። አጥንት ቂም አያውቅም" አሉ።

በሰሊጥ ዘይት አሸሁት። ቀርከሃ ሰነጠቅሁ። ስስበው ጋቢያቸውን ነክሰው ያዙ፤ አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። አጥንቱ ቦታው ሲገባ ሁለታችንም በላብ ረጥበናል።

ለምን አላስጠሩኝም አልኋቸው። የሚያርድልኝ ክርስቲያን ወንድ ፍለጋ ሰፈሩን በትኩሳት እየተንገዳገዱ ዞረዋል። ሁሉም ማሳ ነው። "ባርድ አንች አትበይው፤ ባላርድ በክቶ ማንም አይበላው። ስለዚህ ለወጥሁሽ" አሉኝ። አሁን ሥጋው ኤግዚቢት ሆኖ በከተ። ዶሮዎችዎን ልመልስ አልሁ። ልውጥ ልውጥ ነው አሉ። ስለ ወሎይቱ ለመጠየቅ ግን አፈርሁ።

ጉልበታቸው ላይ ወድቄ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ አልሁ። አውፍ ብያለሁ አሉ። እትዬ ሰዓዳ ፊቷን አዞረች።

እሑድ፣ ጥቅምት 16፣ ኪዳነ ምሕረት

አውራ ጣታቸውና ሁለቱ ጣቶች ይንቀሳቀሳሉ። ሁለቱ ትንንሾቹ አይንቀሳቀሱም። አባቴ እስከ ሰባት ቀን ጠብቅ ይል ነበር። እየጠበቅሁ ነው።

ሽበሺን አዲስ ዱላ ይዞ አየነው አሉ። በመሐላችን ያለውን አጥር ነቅዬ እሾኹን በሁለታችን ጓሮ ዙሪያ በውጭ በኩል አጠርሁት። አሁን አንድ ጓሮ ነው። በርበሬ ያለበትን ቦታ ብቻ ለየሁት።

አጥሬ ስጨርስ እትዬ ሰዓዳ መጣች። ቀሚሴን ይዛ ወደ ቤቷ ጎተተችኝ። ጥግ ላይ የተደፋ እንቅብ ነበር። ገለበጠችው።

ወሎይቱ። ግራ ክንፏ መሬት ይጎትታል። ቀና ብላ አየችኝ።

"ይችን ቢላ አላነሳባትም አለ። የየሺ ናት አለ" አለች ሰዓዳ። "ሊያሽላት ነበር። እጁን ሰበርሽው። እኔም አልነግርሽም ብዬ፣ እሱን መልሼላታለሁ ብዬው ነበር።"

ያን ቀን ወሎይቱን የት አደረስካት ስላቸው ወደ ቤታቸው አመልክተውኛል። እኔ ዘነዘናውን ለሦስተኛ ጊዜ ያነሳሁት ያን ጊዜ ነው።

የዶሮ ክንፍ ማሰር ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ያስራል። ሰዓዳ ቁጭ አለችና ያዘችልኝ። አላነጋገረችኝም። ግን አስሬ እስክጨርስ ድረስ ያዘችልኝ።