የወንድሜ ደፍ በመስታወትዎ ውስጥ

ለክቡር ዶክተር ሆሻንግ፣ የከተማው ቤተ መዘክር ኃላፊ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የማይነቃነቅ ይሁን እላለሁ። እኔ ፈረጅ፣ ሰራው ከሚባለው መንደር፣ ፈጣሪን በዜማ የማወሳ ደርቪሽ ነኝ፤ ፊደል አልቆጠርኩም። የምትጽፈው የልጄ ልጅ ናት፤ ቃሉ የኔ ነው፣ አንዷንም እንዳታለዝብ አስጠንቅቄያታለሁ። ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ወንድሜ ታውፊቅ ለዘመን መለወጫችን ለኖውሩዝ በዓል ሁለት ሳምንት ይታይ ብሎ ያዋሰዎትን ከበሮ፣ ደፉን፣ አስራ አንድ ዓመት ስለጠበቁልን አላህ ይስጥልን። አደራ እንዲህ ሲጠበቅ አይተን አናውቅም።

ሁለተኛ፣ ካስገቡበት የመስታወት ሣጥን ሥር «የሰርግ መጫወቻ» ብለው ስለጻፉልን እናመሰግናለን። እኛ መሃይሞቹ ታጥበን፣ ስመን የምናነሳው፣ ፈጣሪን የምናወሳበት መስሎን ስንት ዘመን ተሳስተናል።

ሦስተኛው ረዘም ይላል። የፍየል ቆዳ እርጥበት ሲያገኘው ይላላል፤ ከመመታቱ በፊት እሳት ዳር ይሞቃል። እርስዎ ግን ለጤናው ብለው እርጥበት የሚተፋ ማሽን አጠገቡ አቆሙለት። ባለፈው መኸር ሄጄ ሳየው እንደኔ ጉንጭ ረግቧል። በማግስቱ ፍም በምድጃ ይዤ ብመጣ ዘበኛዎ በር ላይ ያዘኝ።

«አባባ፣ እሳት ይዘው ወዴት ነው?»

«ደፉ በርዶታል፣ ላሙቀው።»

«ይሄ እኮ ቤተ መዘክር ነው፣ ሻይ ቤት አይደለም።»

«ሻይ ቤትማ ቢሆን የሰው ዕቃ ይመልስ ነበር» አልኩት። ሳቀ፤ አላስገባኝም እንጂ። ደህና ሰው ነው፣ እንዳያባርሩት።

አራተኛ፣ ታውፊቅ ባለፈው ወር ሞተ። ደፍ ያለው ደርቪሽ ወደ መቃብር የሚሸኘው በገዛ ደፉ ነው፤ በሰው ደፍ ነውር ነው። ለአንድ ቀን ብንለምንዎ «ማመልከቻ ያስገቡ፣ በስድሳ ቀን ውስጥ መልስ ይሰጣል» አሉን። ሬሳው ስድሳ ቀን ስላልታገሠ ይቅርታ ያድርጉለት። ወንድሜ በዝምታ ተቀበረ።

አርባው የፊታችን ሐሙስ ነው። እስከ ረቡዕ ካልመለሱ፣ አርባ ደርቪሾች ደፋችንን አሙቀን ደጅዎ ላይ እንቀመጣለን፤ አርባውንም እዚያው እናወጣለን። ደፍ ሲመታ፣ አጠገቡ ያለው ሌላ ደፍ ማንም ሳይነካው በውስጡ የተደረደሩት ቀለበቶች ይንሾካሾካሉ። የታውፊቅም ከመስታወቱ ውስጥ ይመልስልናል፤ ጎብኚዎችዎ የማንን ዕቃ እንደያዙ ከራሱ ይስሙ።

ጎንበስ የምለው ወገቤ ስለጎበጠ እንጂ በሌላ እንዳይመስልዎ፣

ደርቪሽ ፈረጅ፣ በአውራ ጣቱ አሻራ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከሃያ ዓመት በፊት፣ ደፍ ያልነበራቸውን አባትዎን ሐጂ ራውፍን በዚያ በረዶ በባዶ እግሩ እየሄደ፣ የራሱን ደፍ እየመታ የሸኛቸው ታውፊቅ ነበር። የእርስዎ ቀን ሲደርስ ግን ቤተሰብዎ ወደኛ በመምጣት እንዳይደክም፤ የአገሩ ደፍ መቺ ሁሉ ያን ዕለት እጁን ሊያመው ተስማምቷል።