እንግዳዋ ላመሰገኗት ልጅ ስለተሰጠ ቅጣት

ለክቡር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር፣

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የደም ግፊትዎ ዝቅ፣ ድምፅዎ ደግሞ እንደ ልማዱ ከፍ ብሎ እንዲኖርልን ከልብ እመኛለሁ። እኔ በጤና ጣቢያ በነርስነት የማገለግል፣ የአንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎ እናት ነኝ። ልጄን ያውቋታል፤ ከአፏ ጥያቄ ስለማይጠፋ ጎረቤቱ ሁሉ «እሜቴ ለምን» የሚላት ናት። ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። በአደባባይ የዋሉልንን ውለታ በጓዳ ማመስገን ነውር መስሎ ስለታየኝ፣ ሁሉም እንዲያነበው አድርጌዋለሁ።

አንደኛ፣ አሜሪካዊቷ እንግዳ ትምህርት ቤታችንን በጎበኙበት ዕለት ስላደረጉት መሰናዶ ምስጋናዬ ይድረስዎ። እንግዳዋ መምህርት እንደሆኑና ልጆቹን ስለ አሜሪካ እንደሚጠይቁ በሰሙ ጊዜ፣ ልጆቹ የሚያስቡትን እርስዎ አስቀድመው ስላሰቡላቸው ከድካም ተርፈዋል። «የነጻነት አገር ናት» የሚለው ለፊተኛው ወንበር፣ «የዕድል አገር ናት» የሚለው ለቀጣዩ ተደልድሎ ነበር አሉ። ነጻነትን በቃል አስጠንቶ ማስባል ከእርስዎ በቀር ማን ይችልበታል?

ሁለተኛ፣ ጥፋቱ የእንግዳዋ መሆኑን አምናለሁ። የተጠናው ሁሉ ተብሎ ሲያበቃ፣ «አሁን ደግሞ የልባችሁን ንገሩኝ፤ አልቀየምም» አሉ። የኔዋ ሞኝ አመነቻቸውና እጇን አወጣች። ታላቅ እህቴ እዚያው አሜሪካ አረጋውያን እየተንከባከበች ነው የምትኖረው፤ የእሷ ልጅና የእኔዋ እኩያሞች ስለሆኑ ስልክ ከያዙ አይላቀቁም። ስለዚህ ልጄ ያንን አገር የምታውቀው ከፊልም ሳይሆን ከአክስቷ ልጅ አፍ ነው። ተነሥታ እንዲህ አለች፦

«አገራችሁን እወዳታለሁ፤ ደግሞ ታሳዝነኛለች። እዚያ ያለችው የአክስቴ ልጅና የክፍሏ ልጆች ትምህርት ቤት ተኳሽ ቢመጣ ተብሎ መብራት አጥፍተው ጠረጴዛ ሥር መደበቅ ይለማመዳሉ። እኔ ፈተና እፈራለሁ እንጂ ትምህርት ቤት አልፈራም። ግን እሷና ጓደኞቿ ይሄን ተቃውመው ከክፍል ወጡ፤ መሪዎቻቸውን በስማቸው እየጠሩ ጮኹ፤ በማግስቱ ገብተው ተማሩ። ማንም ምንም አላላቸውም። እንደዚህ መናገር የሚችል ሕዝብ ልጆቹን መጠበቅ ለምን አቃተው?»

እንግዳዋ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ልጄም ቤት ውስጥ ይሄንኑ ትጠይቀኛለች። አመሰግንሻለሁ» ብለው እጇን ጨበጡ።

ሦስተኛ፣ እንግዳዋ ባይቀየሙም እርስዎ ስለተቀየሙላቸው አመሰግናለሁ። መኪናቸው ከግቢው ሳይወጣ ልጄን ቢሮዎ አስጠርተው፣ እንግዳ ሰድባለችና በሰልፍ ፊት ይቅርታ ካልጠየቀች ክፍል እንዳትገባ አዘዙ። ነጭ ገዋኔን እንኳ ሳላወልቅ መጥቼ፣ «ጌታዬ፣ ሴትየዋኮ አመስግነዋታል» ብልዎ፣ «እሳቸው ይሄዳሉ፤ እኛ ነን እዚህ የምንኖረው» አሉኝ። ስለ እውነት፣ በዚያ ቢሮ ከሰማሁት ሁሉ የተጠና የማይመስለው ይህ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አጥሩ ሥር ቆሜ አየኋት። ማይክራፎኑ ከቁመቷ በላይ ስለነበር አንገቷን ቀና አድርጋ፣ «ይቅርታ፤ ሁለተኛ አልጠይቅም» አለች። እርስዎ አጨበጨቡ። ከተማሪው አንድም ያጨበጨበ አልነበረም።

አራተኛውን ምስጋና ልጽፍ ብዬ ተውኩት። ክቡር ሆይ፣ በማዋለጃ ክፍላችን የሚያስደነግጠን የልጅ ለቅሶ አይደለም፤ የምንደነግጠው የተወለደው ልጅ ዝም ሲል ነው። ያኔ ሁላችንም እንሯሯጣለን። ዛሬ ቤቴ እንደዚያ ዝም ብሏል፤ የሚሯሯጥ ግን የለም። ራት አቀርባለሁ፤ ትበላለች። «ትምህርት እንዴት ነው?» እላለሁ፤ «ደህና ነው» ትላለች። የአክስቷ ልጅ ስትደውል ሰላም ብላ ስልኩን ለእኔ ታቀብለኛለች። ባለፈው ያቺ ልጅ፣ «አክስቴ፣ ምን በድያት ነው የማታወራኝ?» ብላ አለቀሰችብኝ። ምን ልበላት? እዚያ ያለችው ጥይት ትፈራለች፤ እዚህ ያለችው ደግሞ የገዛ ድምፅዋን። የትኛዋን እንደማጽናና ጠፋኝ።

ልመናዬ አንድ ነው፦ በሰልፍ ፊት የወሰዱባትን በሰልፍ ፊት ይመልሱላት። ባይሆንልዎም አልቀየምዎትም፤ መቀየምን ለእርስዎ ትቼዋለሁ።

ከአክብሮት ብዛት ጎንበስ ያለች፣ ከሐዘን ብዛት ቀና ማለት ያቃታት፣
የተማሪዎ እናት

ሳልረሳው፦ የበኩር ልጅዎ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አሜሪካ ሊሄድ ቪዛ እንደተመታለት ሰማሁ፤ እንኳን ደስ ያለዎት። እህቴ እንደምትለው እዚያ ክፍል ውስጥ የማይጠይቅ ተማሪ ብዙ ጊዜ ማርክ ይቀነስበታል። በእናት አንጀት አስቤለት ነውና፣ ሳይሳፈር በፊት ጥያቄ መጠየቅ ያለማምዱት፤ እቤት ውስጥ፣ በር ዘግታችሁ።